የቲቶ ደመና

መጋቢት 7
በልጉ አልገባም። እኛ ሻሾጎ ሜዳ ላይ ሰማዩ የተላጨ ራስ መስሏል። ከደጄ ቆሜ ፀሐይ መግቢያውን ስመለከት ግን የአንጋጫ ተራራ ከወገቡ በላይ አይታይም፤ ደመና ለብሷል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ መጋረጃ ሲወርድ ተቀምጬ አየሁት። ከዚያ መጋረጃ ሥር ቲቶ አለ።

ቲቶ የባለቤቴ የእልፍነሽ ወንድም ነው። አመሻሹ ላይ ደወለ። የደወለው ለማማረር ነው። ጭቃው አንድ እግር ቦቲውን አስቀርቶበታል፤ ድንቹ ላይ ውሃ እንዳይተኛ ቦይ ሲቀድ ወገቡን ይዞታል። እልፍነሽ የስልኩን ድምፅ ስለለቀቀችው ሁሉንም ሰማሁ። በመጨረሻ «እናንተስ ጋ እንዴት ነው?» አለ። ምኑን ይጠይቃል? ከእሱ ደጅ ሆኖ የእኛ አቧራ ይታያል።

በጭቃ የሚያማርር ሰው መስማት ከባድ ነው። ቅናት አይደለም። የተሰጠውን የማያውቅ ሰው ስለሚያናድደኝ ነው።

መጋቢት 16
ሬዲዮው በክልላችን ዝናቡ ለመደበኛ የተጠጋ ነው አለ። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ ሒሳብም ያስተማረኝ የለም። ይህ ሒሳብ ግን ገብቶኛል። የቲቶን ዝናብና የእኔን ፀሐይ ደምረው ለሁለት አካፈሉት። ቲቶ በዝቶበት ይነጫነጫል፤ እኔ ደርቄያለሁ፤ በሬዲዮው ሁለታችንም መደበኛ ነን።

መጋቢት 22
በቆሎውን በደረቁ ዘራሁ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እኔ የጠበቅሁት ይበቃል። ጎረቤቴ ሙስጠፋ፣ የአይሱዙ ባለቤት፣ አጥሩን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና «ጋሽ ዳኘ፣ ዘር ነው ወይስ ቀብር?» አለኝ። ለሁለቱም ጉድጓድ ይቆፈራል አልኩት። ሳቀ። እኔ የቀለድኩ አልነበረም።

ሚያዝያ 4
ኩሬው ደረቀ። እልፍነሽ ዳማን አንጋጫ እንውሰዳት አለች። ዳማ ያለችን አንድ ላም ናት፤ ያውም እርጉዝ ናት። አይሆንም አልኩ። የእኔ ላም የሰው ሣር አትለምንም። እልፍነሽ የምትፈትለውን ሳታቆም፣ ላሟ መለመን አታውቅም፣ የምታፍረው አንተ ነህ አለች።

መልስ ነበረኝ። ሲመሽ ነው የመጣልኝ።

ሚያዝያ 8
ዳማ ዛሬ ሳትነሳ አረፈደች። እኔ በጅራቷ፣ እልፍነሽ በቀንዷ ይዘን አቆምናት። እሺ አልኩ።

ሚያዝያ 9
ሙስጠፋ በአይሱዙው ወሰዳቸው። ወሰዳቸው ያልኩት እልፍነሽም አብራ ስለሄደች ነው። ላሟን ላኪያት አልኩ እንጂ ሂጂ አላልኩም። ላም ለብቻዋ ሰው ቤት አትገባም፣ እስክትለምድ ሰንበት ብዬ እመለሳለሁ ብላ ወጣች። ከተሳፈረች በኋላ የጨው ቆርቆሮው የት እንዳለ ጮኻ ነገረችኝ። የት እንዳለ አውቃለሁ።

ሚያዝያ 20
አልመጣችም። ቆሎ በላሁ። ጨው አጣሁ፤ ቆርቆሮውን ካሰብኩት ቦታ አላገኘሁትም።

ግንቦት 2
ልጄ ሐዳሳ ከሆሳዕና መጣች። እዚያ ታስተምራለች። ለእኔ ዱቄት፣ ለመንገዷ ደግሞ ከአንጋጫ የተሰጣትን ቆጮ ይዛለች። በአንጋጫ በኩል ዞራ ነው የመጣችው ማለት ነው። መጀመሪያ እዚያ፣ ቀጥሎ እዚህ።

በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። ዳማ ጎኗ ሞልቷል። ቲቶ እጁን ጀርባዋ ላይ አሳርፏል፤ እንደ ባለቤት። ከኋላ እልፍነሽ ጥርሷን አሳይታ ትስቃለች። እልፍነሽ ፎቶ ስትነሳ የምትስቅ ሰው አልነበረችም። የሠርጋችን ፎቶ ላይ እንኳ እንደ ምስክር ነው የቆመችው። ከጀርባቸው ያለው እንሰት አረንጓዴነቱ ዓይን ይወጋል።

ላሟን አጉልታ እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ሐዳሳ አጎላች፤ የጎላው ግን የእናቷ ፊት ነው።

«አባዬ፣ ነይ በላት» አለችኝ።

«መንገዱን ታውቀዋለች።»

«መንገዱን ማወቋንማ ማን ጠየቀህ?»

ልጅ ተምራ ስትመጣ አፏም ተምሮ ይመጣል።

ግንቦት 9
ዓርብ ነው። ሙስሊሞቹ ሜዳ ወጥተው ለዝናብ ሰገዱ። ሙስጠፋ እንደ ሥርዓታቸው ኩታውን ገልብጦ ለብሶ ሲመለስ አየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ካፊያ መጣ። በሙስጠፋ ግቢ በኩል ወርዶ ወርዶ አጥሬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ክንዴን በአጥሩ ቀዳዳ ሰድጄ አየሁ። እርጥብ ነው። እጄን ስመልስ ሙስጠፋ ከበረንዳው እያየኝ ነበር። ምንም አላለም። እሱ ምንም ሳይል የቀረበት ቀን ይህ ብቻ ነው።

ግንቦት 11
ከአምልኮ በኋላ እኛም ጾም ጸሎት እንድንይዝ ለሽማግሌዎች አሳሰብኩ። ከማንም ጋር ለመፎካከር አይደለም።

ግንቦት 18
ዛሬ ጸሎቱን የመራሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ በልመና ቃል ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ፤ አጽናን፣ ትሁታን አድርገን እያሉ ከዝናቡ ይርቃሉ። እኔ በቀጥታ ነው የጠየቅሁት። እጄን ወደ ተራራው ዘርግቼ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንጋጫ ላይ ያፈሰስከውን ውሃ ወደ እኛ አውርደው» አልኩ። እንደዚያ ያለ አሜን በቤተ ክርስቲያናችን ሰምቼ አላውቅም።

ስንወጣ ወጣቱ ወንጌላዊ ጠጋ ብሎ፣ አባባ፣ የሰው ድርሻ ከምንጠይቅ ለእኛ አዲስ ዝናብ ብንለምን አይሻልም ወይ አለኝ። አንጋጫ ያለውን ያካፍለን ማለት ምን ኃጢአት አለው አልኩት። ልጁ ደግ ነው፤ ግን ፈሪ ነው።

ሰኔ 6
በቆሎው አለቀ። የበቀለው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ቆርጬ ለሙስጠፋ ፍየል ሰጠሁ። ሙስጠፋ ስለ ቀብሩ አላነሳም። ባነሳው ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 14
እልፍነሽ ደወለች። ዳማ ወለደች፤ ሴት ጥጃ። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ቲቶ ስም እንዳወጣላት ነገረችኝ። ዝናቧ ብሏታል።

ዝናቧ! የእኔ ላም፣ በእሱ በረት፣ በእሱ አፍ። ዝናብ የጠገበ ሰው እንዲህ ነው፤ ለጥጃም ይተርፈዋል። እንገሩን የቲቶ ልጆች ጠጥተውት ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። ጠጥተዋል። ለሚጠባ ሁሉ ይበቃ ነበር አለች። በስልኩ ውስጥ ሰዎች ሲስቁ ይሰማኛል። በእኔ አይደለም። በእኔ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ስለ እኔ ጨርሶ እያሰቡ አልነበረም።

ሐምሌ 3
እኛም ጋ መጣል ጀምሯል፤ የሚረባ አይደለም። ለበቆሎው የዘገየ፣ ለአቧራው የሚበቃ። እልፍነሽ ጥጃዋ እስክትጠና ልቆይ አለች። መልካም አልኩና ዘጋሁ። ሌላም ልናገር ነበር፤ የስልኬ ሒሳብ አለቀ።

ሒሳቤ አላለቀም ነበር።

ሐምሌ 17
ቸኩያለሁ። ትምህርት ቤት ነን። ውሃ ገባ። ደህና ነኝ።

ሐምሌ 18
አሁን በደንብ ልጻፈው። ትናንት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እዚህ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። እኩለ ቀን ላይ ከላይ በኩል ከባድ መኪና ጠጠር የሚያራግፍ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። የሙስጠፋ አይሱዙ መሰለኝ። ሙስጠፋ ግን በእግሩ እየሮጠ መጣ። ከኋላው ውሃው ይታያል፤ ቡናማ ነው፤ እንደ ቡሆ ኩፍ ይላል፤ እንጨትም የእንሰት ግንድም ተሸክሟል። ያለ ዝናብ የመጣ ጎርፍ። አንጋጫ ሌሊቱን ሲወርድበት አድሮ ወንዙ አልቻለውም።

ቤቴ ውስጥ እስከ ጉልበት ደረሰ። የምይዘውን ይዤ ወጣሁ። ይህ ደብተር ከኪሴ አይለይም፤ በእጄ የያዝኩት ግን የእልፍነሽን የእሑድ ቀሚስ ነው። በር አጠገብ ስለተሰቀለ ነው። ሬዲዮውም እዚያው ሚስማር ላይ ነበር ይላል ሙስጠፋ። እሱን አላየሁትም።

ትምህርት ቤቱ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚያ ተሰበሰበ። ክፍሎቹ ሞልተው ለእኛ ሸራ ተወጠረልን። ሙስጠፋ አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን ጨምቆ ከጨረሰ በኋላ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሽ ዳኘ፣ የለመኑት መጣ። መጠኑን ነው ያልነገሩት።»

ሸራው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቤቱ የፈረሰበትም ሳቀ። ወንጌላዊው ብቻ መሬት መሬት ያያል። ይህ በእኔ የመጣ አይደለም። አንድ ሰው በአፉ ወንዝ አያዞርም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ሐምሌ 21
ሐዳሳ በሙስጠፋ ስልክ አገኘችኝ፤ የእኔ ውሃ ገብቶበታል። ጎርፉ በመጣበት ሌሊት የቲቶ ቁልቁለት ተንዷል። ድንቹ፣ ከቤቱ ጀርባ የነበረው እንሰት፣ ግማሹ ግቢ፣ ሁሉም ሄዷል። ቤቱ ከጫፍ ላይ ቀርቷል። ሰው አልተጎዳም።

መጀመሪያ ላሟስ አልኩ። ሐዳሳ፣ ዳማ ደህና ናት፣ እናቴም ደህና ናት፣ ጠይቀህ ቢሆን ኖሮ አለችኝ። ልጠይቅ ነበር። ስለ ላም ሲጠየቅ ድምፅ አይሰበርም፤ ለዚያ ነው ከላሟ የጀመርኩት።

ሐምሌ 28
ዛሬ በጸሎት ሰዓት ስለ ቲቶ ተጸለየ። ለእሱ እህል ተዋጣ። እኛ ራሳችን ሸራ ሥር ሆነን ለአንጋጫ ሰው ስናዋጣ ዋልን። ሐዳሳ ሄዳለች፤ የእልፍነሽ እህቶች ከያሉበት ሄደዋል። እልፍነሽም ወንድሜን በዚህ ሰዓት ትቼው አልመጣም ብላለች።

የእኔን ጎርፍ ማን ጠየቀ? ውሃው ከጉልበት ስላላለፈ ጥፋት አይባልም። የእሱ በአንድ ሌሊት ስለወረደ ወሬ ሆነ። ዝናቡም ለእሱ፣ ሐዘኑም ለእሱ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል። ግን እውነት ስለሆነ አልሰርዘውም።

ነሐሴ 5
ወደ ቤት ተመለስኩ። ጭቃውን በአካፋ ሳወጣ ዋልኩ። ግድግዳው ቆሟል። ቀሚሱን አጥቤ አሰጣሁ። እንዴት እንደሚታጠብ አላውቅም ነበር፤ ቀለሙ ትንሽ ለቀቀ።

ነሐሴ 16
ማሳዬ ላይ የተኛው ውሃ ሸሸ። ከሥሩ የቀረውን ሳይ ቁጢጥ አልኩ። የእኛ አፈር ነጣ ያለ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ነው። ይህ ግን ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በጣት ሲጨመቅ እንደ ቅቤ የሚወጣ ነው። የእንሰት ሥር አለበት። እፍኝ አንስቼ አሸተትኩት። የአንጋጫ አፈር ነው። ሙስጠፋን ጠርቼ አሳየሁት። በዚህ እርጥበት ላይ ሽምብራ ቢዘራ ዝናብ አያስፈልገውም አለ። አውቃለሁ አልኩት። አስቀድሜ አስቤው ነበር።

ጌታ ዝናቡን ከለከለኝ፣ አፈሩን ሰጠኝ። ከበልግ ወዲህ ልቤ እንደዛሬ አርፎ አያውቅም።

ነሐሴ 27
ዛሬ መጡ። እንደሆነው ልጻፈው።

አይሱዙው ደጄ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ዳማ ወረደች፤ ከዚያ ጥጃዋ፤ ከዚያ እልፍነሽ፤ በመጨረሻ ቲቶ። ቲቶ ከስቷል። ሆዱ ሳቁን ይዞት ሄዷል። ሰላምታችን ረጅም ነበር፤ ቤት፣ ልጅ፣ ከብት፣ ጤና፣ ሁሉንም አዳረስን። እሱ ግን በትከሻዬ በኩል ማሳውን ነው የሚያየው። ከዚያ ሳይጠይቀኝ ሄደ። ቦቲውን አወለቀ፤ ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ እፍኝ አነሳ። እኔ እንዳደረግሁት አሸተተው። ተመልሶ መጣና እጁን ሳያራግፍ ፊቴ ቆመ።

«አማቼ፣ መሬቴ አንተ ጋ ወርዷል» አለኝ። «ተከትዬው መጣሁ።»

ሙስጠፋ ሳቀ፤ ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ ሳሉን አስመሰለው።

ደለል ስም የለውም አልኩ። ጎርፍ ያመጣው ጎርፍ ለጎዳው ነው። የእኔን በቆሎ ድርቅ በልቷል፤ ቤቴን ውሃ በልቶታል፤ ይህ አፈር ካሳዬ ነው። ይህን ለመናገር ከነሐሴ 16 ጀምሮ ስዘጋጅ ነበር ለካ፤ ሳልደናቀፍ ነው የወጣልኝ።

«ልክ ነህ» አለ ቲቶ።

ሊከራከረኝ ይገባ ነበር። ልክ ነህ ሲለኝ የቀረው ንግግሬ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ቲቶ ቀጠለና፣ ተዳፋቱ ላይ የቀረው ድንጋይ ነው፣ ልጆቼ የሚበሉት የእርዳታ ስንዴ ነው፣ አንድ ጥማድ የሚያውለው ያህል ብትሰጠኝ ሽምብራ ዘርቼ እስኪደርስ እዚህ እሠራለሁ አለ። ሲለምን ቀና ብሎ ነው። እኔ ብሆን አልችልም። ለዚያ ነው ለምኜ የማላውቀው።

ወደ እልፍነሽ ዞርኩ። የዳማን ገመድ በእጇ ይዛ ቆማለች። ምሰሶው አጠገቧ ነው።

«የሐዳሳ አባት» አለች፣ «ዳማን ገና አላሰርኳትም። አይሱዙውም አልሄደም።»

ይህን ብቻ ነው ያለችው። ድምፅዋን አላነሳችም። የአይሱዙው ሞተር አልጠፋም ነበር። ሙስጠፋ በሩን በእጁ ይዞ ወደ ሰማይ ያያል፤ ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ቲቶ ዝናብ ስላለው፣ እንሰት ስላለው፣ ሳቅ ስላለው እልፍነሽ እዚያ የቆየች መስሎኝ ነበር። አሁን ምንም የለውም። አሁንም አብራው ትሄዳለች። እኔ ጋ ያለው ደግሞ በሩ ሲጮህ ከእኔ በቀር የሚሰማው የሌለ ቤት ነው።

«እሰሪያት» አልኩ።

ወዲያው አላሰረችም። «ጥጃዋንስ?»

«ዝናቧንም።»

ስሟን በአፌ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ሙስጠፋ ሞተሩን አጠፋ።

ነሐሴ 29
ማሳውን ለሁለት ከፈልን። ድንበሩን በራሴ ገመድ ለካሁ። የቲቶ ወገን አንድ ክንድ ያህል ሳይበልጥ አይቀርም፤ ገመዱን የያዘልኝ እሱ ነው። እልፍነሽ ቀሚሷን የልብስ ማስጫው ላይ አየችው። ማን አጠበው አለች። ጎርፉ አልኳት።

መስከረም 3
ሽምብራውን ዘራን፤ ዘሩ ከአንድ ጆንያ ነው። ቲቶ እየዘፈነ ይበትናል፤ የትም ይውደቅ ግድ የለውም። እኔ በጣቴ እየለካሁ አስገባሁ። እልፍነሽ ለእሱም ለእኔም ውሃ አመጣች። መጀመሪያ የሰጠችው ለእሱ ነው። ቅርብ የነበረው እሱ ነው ትላለች።

መስከረም 12
የቲቶ ወገን በቀለ። የእኔ ገና ነው።

በማለዳ ተነስቼ ሁለቱንም አየሁ። የእሱ እንደ ሕፃን ጥርስ ብቅ ብቅ ብሏል። የእኔ መሬት ጥቁር ነው። አንድ አፈር፣ አንድ እርጥበት፣ አንድ ጆንያ። ለእልፍነሽ ስነግራት፣ ሂድና እንዴት እንደዘራ ጠይቀው አለችኝ። ቲቶን ምንም ጠይቄው አላውቅም። ብዙ ካመነታሁ በኋላ ሄጄ ዘሩን ስንት ጣት እንዳስገባው ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝ።

«አልለካሁም» አለ።

አልለካም። ሳይለካ በቀለለት።

እልፍነሽ ለሁለታችን ቁርስ በአንድ ሳህን አቀረበች። ቆጮና ጎመን ነው። ቲቶ ሲበላ ያወራል፤ ሲያወራ እጁ ይረዝማል። ወደ እኔ ወገን እንዳያልፍ እያየሁ በላሁ።